በሽተኛችንን በቤት ስናስታምም፦ ከባለሙያው ምን እንጠብቅ? ከእኛስ?

(በሬድዮ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን በግልጽ የማንነጋገርበት ነው። አባት ወይም እናት በስትሮክ፣ በስኳር፣ በአጥንት ስብራት ወይም በእርጅና አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ሆስፒታሉም «ከዚህ በኋላ ያለው የቤት እንክብካቤ ነው» ብሎ ሲያሰናብተን ምን እናደርጋለን? በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ነርስና አስታማሚ ወደ ቤት የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ከእነርሱ ምን መጠበቅ አለብን? ምንስ መጠበቅ የለብንም? ስለዚህ እነግራችኋለሁ፤ የምነግራችሁም በራሴ ቤት ከደረሰው ተነስቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ሱብሒ ሰግዳ ልትነሳ ስትል ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ስትሮክ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ወንድሜ የሚኖረው ጅዳ ነው፤ ታላቅ እህቴ የራሷ ትዳርና ልጆች አሏት፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነኝ። ተመካከርንና እናታችን እኔ ቤት እንድትቀመጥ፣ ወንድሜ ወጪውን እንዲችል፣ አስታማሚም እንዲቀጠር ተስማማን። በሰው ጥቆማ ካገኘነው አንድ ድርጅት አንዲት ወጣት መጣችልን። ትሑት ልጅ ነበረች፤ ቤቱም እናቴም ንጹሕ ሆነው ይታዩ ነበር። እኔ ጠዋት ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ደህና አደረች?» እላለሁ፤ «ደህና ናት» ትለኛለች። ማታ ስመለስ በዚያው በር ላይ ቆሜ «ደህና ዋለች?» እላለሁ፤ መልሱ ያው ነው። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እህቴ «ዛሬ እኔ ላጥባት» ብላ መጣች። ልብሷን ስታወልቅላት ከወገቧ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው የተከፈተ ቁስል አገኘች። እህቴ እያለቀሰች «ኡሚ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ስትላት፣ እናቴ «ለወንድ ልጄ እዚያ ቦታ አመመኝ ልበለው?» አለቻት። በሐያእ ዝም ብላ ነበር። ያቺ ልጅ በሽተኛ በየሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት ያስተማራት ሰው አልነበረም። ያልሠለጠነ ሰው የላከው ድርጅት ጥፋት አለበት። እኔ ግን በዚያው ጣሪያ ሥር ነበርኩ፤ ለሦስት ሳምንት አንድም ቀን ብርድ ልብሱን ገልጬ አላየሁም፣ እህቴንም ነይና እዪ አላልኳትም። ያ ቁስል እስኪድን አራት ወር ፈጅቷል።

ከዚያ በኋላ ቁስሉን ለማጠብ በየሁለት ቀኑ የምትመጣ አንዲት ነርስ አገኘን። ገና በገባች በመጀመሪያው ቀን ቁስሉን ሳታይ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፦ «እኔ ስሄድ ከእሷ ጋር የሚቀረው ማን ነው?» ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። የቤት ሕክምና ዋጋው የሚለካው ባለሙያው በሌለባቸው ሰዓታት በሚሆነው ነው። ነርስ በቀን አንድ ሰዓት ብትመጣ ሃያ ሦስቱ ሰዓት የእኛ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ቤት የሚመጡትን ሰዎች እንለያቸው። ነርስ የሠለጠነችና የሙያ ፈቃድ ያላት ናት፤ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ የሽንት ቱቦ ትቀይራለች፣ ደም ግፊትና ስኳር ትለካለች። አስታማሚ ወይም ተንከባካቢ የምንላት ደግሞ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች፣ ልብስ ትቀይራለች፤ መርፌ መውጋት ወይም መድኃኒት መጨመርና መቀነስ ሥራዋ አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የደከመውን እጅና እግር ያንቀሳቅሳል፣ መቀመጥንና መቆምን ያለማምዳል። እኛ ቤት የተፈጸመው ስህተት ተንከባካቢዋን እንደ ነርስ መቁጠራችን ነበር። ስለዚህ ስንዋዋል «የምትልኩልን ማንን ነው? ሥልጠናዋ ምንድን ነው? የሙያ ፈቃዷን ማየት እንችላለን?» ብለን መጠየቅ ነውር አይደለም። ድርጅቱም ከጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ጠይቃችሁት የሚቆጣ ድርጅት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ሥራ የሚጀመርበት ብቻ ሳይሆን የሚጠናበት ቀን ነው። ደህና ባለሙያ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ያነባል፤ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል፤ የበሽተኛውን ቆዳ ከራስ እስከ ተረከዝ ያያል፤ መዋጥ ይችል እንደሆነ፣ ሽንትና ሰገራው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ አልጋውንና የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ ይመለከታል። ከዚያም ምን እንደሚሠራ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ በጽሑፍ ያስቀምጣል። ዋጋውም እንዲሁ በጽሑፍ ይሁን፦ ክፍያው በጉብኝት ነው ወይስ በወር? ጓንት፣ ፋሻና ዳይፐር በክፍያው ውስጥ ናቸው ወይስ የእኛ ናቸው? አስታማሚዋ ብትታመም ማን ይተካታል? ውል ሲዋዋሉ መጻፍ ዲናችን ያስተማረን ነገር ነው፤ አለመተማመን አይደለም።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ ልናየው የሚገባን አለ። ያቺ ነርስ እኛን ካስተማረችን ውስጥ ለእናንተ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ አንዴ በግራ ጎን፣ አንዴ በጀርባ፣ አንዴ በቀኝ። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይደረጋል፤ ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ ይገባል። የወገብ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝና ክርን በየቀኑ ይታያሉ። የቀላ ወይም የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ፣ በተለይ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳስሶ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ማሸት አይገባም፤ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ክብደቱን ከቦታው ላይ ማንሳትና ለነርሷ መንገር ነው። የአየር ፍራሽ ያግዛል፤ መገላበጥን ግን አይተካም።

ምግብ የሚሰጠው በሽተኛው ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው፤ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳለ ይቆያል። ሲበላ የሚያስለው ወይም ድምፁ የሚረጥብ ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል አቁሙና ባለሙያ ጠይቁ። የሽንት ቱቦ ካለው ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ይሰቀል እንጂ መሬት ላይ አይጣል። የደከመውን እጅ ጎትቶ ማንሳት ትከሻውን ያወልቃል። ኢንሱሊን የሚወጋ በሽተኛ ካለ ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀም፤ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ከተጣለ ልጆቻችንን ወይም ቆሻሻ የሚያነሳውን ምስኪን ይወጋል።

ይህ ሁሉ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር አልጋው አጠገብ ይኑር። በስንት ሰዓት ተገላበጠ፣ የትኛውን መድኃኒት ወሰደ፣ ምን በላ፣ ግፊቱ ስንት ነው፤ የሠራው ሰው ጽፎ ይፈርማል። እኛ ቤት ከደብተሩ በኋላ «ደህና ናት» የሚለው መልስ ቀረ። ማታ ስገባ ደብተሩን አነባለሁ፣ ከዚያ ገብቼ እናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ።

አራተኛ፣ ከቤት ሕክምና የማይጠበቀውን እንወቅ። የቤት ሕክምና ድንገተኛ ሕክምና አይደለም። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ በድንገት ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ መተንፈስ ካቃተ፣ በሽተኛው አልነቃ ካለ፣ ለሰዓታት ሽንት ካልመጣ ወይም ትኩሳትና መወራጨት ካለ፣ «ነርሷ ነገ ትመጣለች» ብሎ መጠበቅ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ መኪና ያለው ጎረቤትም ይቀሰቀሳል። የስኳር ሕመምተኛ በላብ ተጠምቆ ከተንቀጠቀጠና ከቃዠ፣ መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ነገር ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እንደዚሁም አስታማሚ የቤት ሠራተኛ አይደለችም። ለበሽተኛ የተቀጠረችውን ልጅ ምጣድ ላይ ካቆምናት በሽተኛው ሳይገላበጥ ይውላል።

አምስተኛ፣ ከዲናችን ጋር የተያያዘ ነገር አለ። ባለሙያው ሙስሊምም ይሁን አይሁን፣ የሚያስፈልገንን ካልነገርነው ሊያውቅ አይችልም። ለሴት በሽተኛ ሴት፣ ለወንድም ወንድ ባለሙያ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ባይገኝ ደግሞ ለሕክምና የግድ የሆነ ነገር በግድነቱ ልክ ይፈቀዳል። በሚታጠብበት ጊዜ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው ይሸፈን፣ በሩ ይዘጋ። ይህ የበሽተኛው ክብር ነው። እናቴ እንዳደረገችው በሐያእ ሕመሙን የሚደብቅ በሽተኛ ብዙ ነው፤ ስለዚህ እናትን ሴት ልጇ ወይም ምራቷ፣ አባትን ወንድ ልጁ ብቻቸውን ገብተው በዝግታ ይጠይቋቸው።

ሰላትን በተመለከተ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ አስተምረዋል። ስለዚህ አልጋውን ስናስቀምጥ ቂብላን እናስብ። ዉዱእ የሚያደርገው ሰው ይኑረው፤ ውሃ የሚጎዳው ከሆነ የተየሙም አፈር በንጹሕ ዕቃ አጠገቡ ይቀመጥ። የሽንት ቱቦ ያለው ሰው «ነጃሳ አለብኝ» ብሎ ሰላት እንዳይተው ዓሊሞችን ጠይቃችሁ አስረዱት፤ ለእርሱ ዑዝር አለው። በረመዳንም መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም ዓሊሙንም ያማክር። መዳኑ የማይጠበቅና መጾም የማይችል ሰው በየቀኑ አንድ ምስኪን በማብላት ይካካስለታል እንጂ ራሱን እንዲጎዳ አልታዘዘም።

ባለሙያዋም በእኛ ላይ መብት አላት። ደመወዟ በቀኑ ይከፈል። ሌሊት የምታድር ከሆነ የምትተኛበት ጊዜና ቦታ ይኑራት፤ ቀንም ሌሊትም ያልተኛ ሰው በሽተኛ አይጠብቅም። ከቤቱ ወንዶች ጋር ለብቻዋ እንዳትሆን ቤተሰቡ ያስተካክል። እርሷ የቤታችንን ገመና ታያለችና አማና አለባት፤ እኛም ክብሯን የመጠበቅ አማና አለብን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንዳንዶቻችን ባለሙያ መቅጠርን እንደ ነውር እናያለን፤ «እናቱን ለባዳ ሰጣት» እንዳንባል እንፈራለን። ሌሎቻችን ደግሞ ከቀጠርን ወይም ከውጭ አገር ገንዘብ ከላክን በኋላ ግዴታችን ያለቀ ይመስለናል። ሁለቱም ትክክል አይደለም። የኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት በቆሰሉ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ድንኳን እንዲታከሙ አደረጉ። ሩፈይዳ ቁስለኞችን በማከም የታወቀች ሴት ነበረች፤ ድንኳኗም የተተከለው በመስጂዱ ነበር። ነቢዩም በቅርብ እየተመላለሱ ይጠይቋቸው ነበር። ቁስሉ ለሚያውቀው ሰው ተሰጠ፤ ጠያቂው ግን አልራቀም። በሱረቱል ኢስራእም አላህ (ሱ.ወ) ስለ ወላጆች ሲያዘን የእርጅናቸውን ጊዜ ለይቶ አንስቷል፤ ያም እኛ ዘንድ ሆነው የሚያረጁበት ጊዜ ነው። «እኛ ዘንድ» ማለት በእኛው ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በእኛው ዓይን ሥር ነው።

ስለዚህ ሥራውን እንከፋፈል። በብዙ ቤት ሸክሙ በአንዲት ምራት ወይም ባላገባች አንዲት ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ወንዶቹ ጠያቂ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ዙልም ነው። ሌሊቱን ተራ በተራ ማደር፣ አርብ አርብ እርሷን አሳርፎ መተካት ይቻላል። ጅዳም ሆነ ዋሽንግተን ያለው ወንድም ገንዘብ ከመላክ ጋር በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ደውሎ ደብተሩን ያስነብብ፣ ከእናቱም ጋር ያውራ። ዘመድና ጎረቤትም ሊጠይቅ ሲመጣ ዱዓ አድርጎ ቶሎ ይነሳ፤ በሽተኛው የሚገላበጥበት ሰዓት ሲደርስ እንግዳ ተሰብስቦ ቡና ከሚጠጣ፣ አንዱ ተነስቶ ቢያግዝ አጅር አለው።

አቅም የሌለውስ? ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ የግል አስታማሚ የሚታሰብ አይደለም። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኋላ ወደ ከተሞችም ገብቷል፤ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስተምሩና ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩ ናቸው። የቀበሌያችሁን ወይም የወረዳችሁን ባለሙያ አግኝታችሁ ቤታችሁ በሽተኛ እንዳለ አስመዝግቡ። ሁለተኛው ነገር፣ በሽተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ነርሶቹን «አሳዩን» በሉ፤ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብ በፊታቸው ሠርታችሁ እዩ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በኮቪድ ወቅት ብዙ በሽተኞች በየቤታቸው እንዲቆዩ በተደረገ ጊዜ ቤተሰብ ተምሮ ማስታመም እንደሚችል አይተናል። ሦስተኛ፣ ዕድራችንና ጀመዓችን ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ለመትከል የሚፈጥነውን ያህል፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ አንድ የአየር ፍራሽና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ገዝቶ ለየቤቱ ቢያውስ ምን ነበረበት? አንዱ ቤት ሲጨርስ ሌላው ይወስደዋል። ይህን ሐሳብ ለየመስጂዳችሁ ኮሚቴ አደራ እላለሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ቆየች። እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ታጥባት ነበር፤ የሌሊቱን መገላበጥ እኔና ባለቤቴ ተከፋፈልነው። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ላገላብጣት ስነሳ ቀድማኝ ነቅታ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። «ተኛ ልጄ፣ ደክሞሃል» አለችኝ። እኔ ግን ስለ እነዚያ በር ላይ ስለቆምኩባቸው ሦስት ሳምንታት ዐፍው በዪኝ አልኳት። እጄን ይዛ ዱዓ አደረገችልኝ። ሁለተኛ ቁስል ሳይወጣባት ወደ አኼራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላት።

ውድ አድማጮቼ፣ ቤታችሁ በሽተኛ ካለ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ ቆማችሁ አትጠይቁ። ግቡ፤ ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ እዩ፤ ለእናንተ የማይገባ ከሆነም የሚገባውን አስገቡ። አላህ (ሱ.ወ) በሽተኞቻችንን ይማርልን፣ አስታማሚዎችን በርታ ይበልልን፣ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።